የቅዳሜው ሞተር

ሥራን በሐሰት የሚሸሽ ሰው ከሥራው አያመልጥም፤ የሸሸውን ሥራ ዘግይቶ ይሠራዋል፤ ከዚያም በላይ ስለ ሐሰቱ ሌላ ሥራ ይታዘዛል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሌሎችን ሚዛን ሲመረምር ውሎ በእናቱ ቤት የራሱን ያጐደለ የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል።

ሰውየው የሚዛንና የልኬት ተቆጣጣሪ ነበረ። የገበያው ሰው ሁሉ «ሚዛኑ» ይለው ስለ ነበረ እኛም በዚሁ እንጠራዋለን። ረጅም፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ ግማሹን ለነገ የሚያስተርፍ የሚመስል ሰው ነው። በአንድ እጁ የናስ መመዘኛዎቹን ሣጥን፣ በሌላው የማሸጊያውን ሽቦና ጉጠት ይዞ ወደ ገበያ ሲገባ፣ ባለ ሱቆች ከሚዛናቸው ሥር የለጠፉትን ለማንሣት ይሽቀዳደሙ ነበር። ሚዛኑ ጉድለት ሲያገኝ አይቈጣም። የሻጩን ሚዛን ያሽጋል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም «ወንድሜ፣ የሰረቅኸው ሥጋውን አይደለም፤ የሰውየውን እምነት ነው» ይላል። ይህችን ንግግር ገበያው በቃሉ ያውቃት ነበር። ሥጋ ሻጩማ ደጋግሞ ስለ ታሸገበት፣ ሚዛኑ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እሱ ቀድሞ ይጨርስለት ነበር።

የሚዛኑ አባት ሲሞቱ አንዲት መኪና ትተው ነበር። ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጐበጠ፣ ፊቷ ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት እንደ ጥርስ የተደረደረባት፣ ቀለሟ የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ፋብሪካዋ እንኳ የረሳት መኪና ናት። በእናቱ ግቢ ጥግ በተሠራች ጠባብ የመኪና ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። እናቱ ከፎቅ ላይ ባለው ክፍል ይኖራሉ፤ መስኮታቸው በቀጥታ ከመኪናው ቤት በላይ ነው። ጉልበታቸው ስለ ደከመ ያለ ሰው ድጋፍ ደረጃውን አይወርዱም። ጆሮአቸው ግን አልደከመም። በወጣትነታቸው በስልክ መሥሪያ ቤት መስመር ሲያገናኙ ስለ ኖሩ፣ ሰው «ሃሎ» ሳይል በፊት በአተነፋፈሱ ብቻ ማን እንደ ሆነ የሚለዩ ሴት ነበሩ።

ባላቸው በሞቱ ሰሞን ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፦ «መኪናዋ የምትሆነው ለሚያኖራት ነው። በየቅዳሜው ጠዋት ድምፅዋን ለሚያሰማኝ ትሁን። እሱ ዝም ያሰኛት ዕለት ለሌላው ትሻገራለች።»

የሚዛኑ ታናሽ እኅት የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ያችን መኪና ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ሰው ትወዳት ነበር። ሚዛኑ ግን «የበኵር ልጅ እኔ ነኝ» ብሎ ቁልፉን አነሣ።

«ጋሼ» አለችው እኅቱ፣ «መኪና እኮ የሚነዳት ነው የምትፈልገው። የሚመዝናት አይደለም።»

«እኔ የያዝኩት ነገር ጐድሎ ያውቃል?» አላት።

በእርግጥም በመጀመሪያ አላጐደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየመጣ ሞተሩን ያስነሣል፤ እናቱ መስኮቱን ከፍተው ያዳምጣሉ። በዚያ ዘመን በግቢው አንድ ሽማግሌ ውሻ ነበረ። በቡችላነቱ ጅራቱ በመኪናዋ በር ተቀርቅሮ ስለ ነበረ ቂሙን አልተወም፤ ሞተሩ በተነሣ ቍጥር ይጮኽባታል። እናቱም ከላይ ሆነው በሁለቱም ይደሰቱ ነበር። ኋላ እናቱ ለጉልበታቸው ሕክምና ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ ቅዳሜያቸው እንዳይቀርባቸው ሚዛኑ የሞተሩን ድምፅ በካሴት ቀድቶ ወሰደላቸው። ያን ጊዜ ያደረገው መልካም ነገር ነበረ። ለክፉ ያዋለው በኋላ ነው።

እናቱ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በአንድ የካፊያ ቅዳሜ መኪናዋ እምቢ አለች። ቁልፉን አዞረ፤ ጭጭ። ደግሞ አዞረ፤ አንዲት የምታስነጥስ ድመት የመሰለ ድምፅ አውጥታ ዝም አለች። ኮፈኑን ከፍቶ ተመለከተና ዘጋው። ሸሚዙ ነጭ ነበረ። መካኒክ መጥራት፣ ዝናብ ላይ መቆም፣ ቅዳሜውን ማቃጠል ታየው። ከላይ የእናቱ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። በዚህ ጊዜ ዓይኑ በመደርደሪያው ላይ በተቀመጠው ቴፕ ላይ ዐረፈ። ካሴቱ ገና በውስጡ ነበረ።

«ለዛሬ ብቻ» አለ ሚዛኑ፤ ተጫነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜው ሁሉ «ለዛሬ ብቻ» ሆነ። ሚዛኑ ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ይመጣል። ከመስኮቱ ሥር ቆሞ «እማዬ፣ ላስነሣት ነው» ይላል። የመኪናውን ቤት በር ከውስጥ ይዘጋል፤ ቴፑን ከኮፈኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ይጫነዋል። እሱ ግን ጥጥ በጆሮው ወትፎ በመኪናዋ የኋላ ወንበር ይጋደምና ጋዜጣውን ያነባል። ካሴቱ ሲያልቅ ከአሮጌ ቆርቆሮ ጥቂት ግሪስ በጣቱ ዝቆ መዳፉን ያሻል፤ ከአፍንጫውም ጫፍ ትንሽ ይነካል። የአፍንጫው ነገር ቆይቶ የመጣለት ሐሳብ ነበረ፤ ይኰራበትም ነበር። ከዚያ ወደ ፎቅ ይወጣል።

«ደከመህ ልጄ» ይላሉ እናቱ።

«ምን ይደረግ እማዬ። የአባቴ ዐደራ ነው።»

አንድ ቀን እኅቱ ለመጠየቅ መጥታ ይህን ሁሉ አየች። «ጋሼ፣ በሩን ዘግተህ ነው እንዴ ሞተር የምታስነሣው? ጭሱ አያፍንህም?»

«ጭስ የላትም» አለ ሚዛኑ ፎጣ እየፈለገ። «እኔ የያዝኳት መኪና አታጨስም።»

ውሻው ካሴቱ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ በእርጅና ሞተ። ሚዛኑ ራሱ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ እናቱም በመስኮት ሆነው አዩ፤ አለቀሱም። ነገር ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዛኑ መዳፉን ግሪስ ቀብቶ ሲወጣ፣ እናቱ በረጅሙ ተመለከቱትና እንዲህ ሲሉ ጠየቁት።

«ውሻው በልቷል?»

ሚዛኑ ደነገጠ። «እማዬ፣ ውሻው እኮ...» ብሎ ጀመረና የእናቱን ሽበት ተመልክቶ አዘነ። አሮጊትን በሞተ ውሻ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? «በልቷል» አላቸው።

«ጠግቦ በልቷል?»

«ጠግቦ በልቷል፤ ተኝቷል።»

እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቍጥር ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ እሱም ይህንኑ ይመልሳል። የሚያሳዝነው ሚዛኑ በልቡ አለመያዙ ነው። ለሚስቱ ነገራት፤ ለአክስቱ ነገራቸው፤ ለጎረቤቶች ነገረ። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እናታችን አእምሮዋ እየደከመ ነው፤ የሞተ ውሻ ታበላለች፤ ወደ እኔ ቤት አምጥቼ ብጠብቃት ሳይሻል አይቀርም» ይል ነበር። ሰዎችም «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» እያሉ ይመለሱ ነበር።

እንዲህ እያለ ብዙ ዘመን ሄደ። ከዕለታት በአንድ ቅዳሜ እናቱ ስለ ውሻው ከጠየቁ በኋላ ዝም አላሉም።

«በሚመጣው ቅዳሜ» አሉ፣ «በመኪናዋ ውሰደኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ድሮው ስልክ መሥሪያ ቤት። ሊያፈርሱት ነው አሉ። አባትህ ከሥራ ስወጣ በዚያች መኪና ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ በዚያ ደጅ ልለፍና ይበቃኛል። ከተነሣች ያንተ ናት፤ እስከ ዛሬ እንዳስነሣሃት መቼም ትነሣለች።»

«ትነሣለች እንጂ» አለ ሚዛኑ። በአፍንጫው ላይ የቀባው ግሪስ በላብ ወደ ከንፈሩ ይወርድ ጀመር።

ወደ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ፊቱን አይታ ነገሩን ጠየቀች። የካሴቱን ምሥጢር የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ሰምታ እንደ ጨረሰች የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ እስክትደክም ሣቀች።

«ምን ያስጨንቅሃል ታዲያ? ካሴቱ ላይ አስቀምጠህ ውሰዳቸው።»

«ቀልድ አይደለም። እማዬ መኪናዋን ለእኅቴ ትሰጥብኛለች።»

«የሚነዳት ሰው አገኘች በላ። እውነቱን ንገራቸው፣ አንተ ሰውዬ። እናትህ ናቸው፤ አይበሉህም።»

«እናቴ እኮ አሁን ብነግራት አይገባትም። አእምሮዋ ደክሟል።»

ሚስቱ ከዚህ በኋላ አልሣቀችም። ሸሚዙን አንሥታ መተኰሱን ቀጠለች።

በማግስቱ ሚዛኑ መካኒክ አመጣ። ይህ መካኒክ «ነጎድጓድ» ይባላል። ዕድሜውን በሞተሮች መካከል ስላሳለፈ ጆሮው ደንዝዟል፤ ሌላውም ሰው ሁሉ እንደ እሱ የደነዘዘ ስለሚመስለው ጮኾ ይናገራል። በዚያ ጥድፊያ ሥራ ፈትቶ የተገኘ እሱ ብቻ ስለ ሆነ ሚዛኑ መምረጥ አልቻለም።

«ስማኝ» አለው ሚዛኑ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፤ «እዚህ ቤት በሹክሹክታ ነው የምንሠራው። እናቴ ከላይ አለች።»

«ገባኝ ጋሼ» ሲል ነጎድጓድ ሹክ አለ። ሹክታው ከጣሪያው ላይ እርግቦችን አስነሣ።

ኮፈኑን ከፈቱ። አይጦች በአየር ማጣሪያው ውስጥ ቤት ሠርተው፣ ከወንበሩ የተነጨ ጥጥ አንጥፈው፣ ልጅና የልጅ ልጅ አድርሰዋል። የሚዛኑ የቅዳሜ ጋዜጣ በፈርጅ በፈርጁ ተቀዶ ግድግዳ ሆኖላቸዋል። ባትሪው አብጧል፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ ፍሬኑ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ነጎድጓድ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቤንዚን አይደለም! ቀለም ሆኗል! መኪናዋ ስንት ዘመን ነው የቆመችው?»

«ቀስ በል እንጂ! በየቅዳሜው ትነሣለች።»

ነጎድጓድ የአይጦቹን መንደር ተመለከተ፤ ሚዛኑን ተመለከተ። «እነዚህ ናቸው የሚያስነሧት?» አለ።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። «ምንድነው እሱ ልጄ?» አሉ እናቱ።

«ምንም አይደለም እማዬ! ለመንገዱ እያሟሟቅኳት ነው።»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከራሴ ጋር።»

«ሁለት ድምፅ አለህ እንዴ?» አሉና መስኮቱን ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሚዛኑ ዕድሜውን ሁሉ እንደሚያስታውሰው ጥርጥር የለውም። መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ፣ ሲሸሸው የኖረውን ሥራ በጀርባው ተኝቶ ሠራው። ቀለም የሆነውን ቤንዚን በላስቲክ ቱቦ ሲስብ አንድ ጉንጭ ዋጠ። የተጣበቀውን ፍሬን በመዶሻ እየመታ ሲያላቅቅ አውራ ጣቱን መትቶ አሳበጠው። ካርቡሬተሩን በሚስቱ ትልቅ ድስት ዘፍዝፎ ሲያጥበው ሚስቱ አገኘችው፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያ ድስት የእሱ የግል ድስት ሆነ፣ ምሳውም በእሱ ብቻ ይቀርብለት ጀመር። አሁን መዳፉን የሚያጠቍረው ግሪስ እውነተኛ ነበረ፤ በሳሙናም አልለቅ አለው። በአፍንጫው ላይ ያለውን ግን ማንም ሰው ስላላመሰገነለት ረስቶት በዚያው ወደ መንገድ ይወጣ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ትልቁ ነገር ሆነ። ሞተሩ ተፈታትቶ ግማሹ በጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ነጎድጓድ ካርቡሬተሩን በግራ እጁ እንደ ያዘ፣ ለመብራቱ ገመድ መሰኪያ ሲፈልግ በቀኝ እጁ መደርደሪያውን ዳበሰ፤ የቴፑንም ቍልፍ ተጫነው።

ሞተሩ ተነሣ። በሙሉ ኃይሉ፣ በንጹሕ ድምፅ፣ እንደ አዲስ ተነሣ።

ነጎድጓድ በእጁ የያዘውን ካርቡሬተር ተመለከተ። ቀጥሎ በጨርቁ ላይ የተዘረጉትን ብረቶች ተመለከተ። ወዲያው ከጎኑ ውሻ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ነጎድጓድ ውሻ ይፈራል፤ በአንድ ዝላይ ከመኪናዋ ጣሪያ ላይ ወጣ።

«ያዝልኝ ጋሼ! ያዝልኝ!»

«ውሻ የለም! ሞቷል!»

«ታዲያ ምንድነው የሚጮኸው?»

ሚዛኑ ወደ ቴፑ ዞረ። በዘመኑ ሁሉ በካሴቱ ላይ ሞተር እንጂ ውሻ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሲቀዳው ልቡ በሞተሩ ላይ ነበረ፤ ሲያጫውተውም ጥጥ በጆሮው፣ ጋዜጣ በፊቱ ነበረ። ቴፑን ዘግቶ ከአንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ውሻው በልቷል? ጠግቦ በልቷል? የእናቱ ጥያቄ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፊቱ ላይ ቆመ። እናቱ የሞተ ውሻ አላበሉም። እሳቸው የሰሙትን ጠየቁ፤ የሞተ ውሻ ሲያበላ የኖረው እሱ ነው።

ሐቀኛ ሰው በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ደረጃውን ይወጣ ነበር። ሚዛኑም ተነሣ፤ እስከ ደረጃው ሥር ሄደ፤ እግሩንም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳረፈ። ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣለት። እናቱ ከጠረጠሩ የሚጠረጥሩት ግቢው ውሻ ስለሌለው ነው፤ ግቢው ውሻ ካለው ግን ምን ይጠረጥራሉ? «አዲስ ውሻ አምጥቼ ነበር፤ እንዳታዝኚ ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ» ይላቸዋል። በቅዳሜ ሞተሩ ሲነሣ ውሻው ይጮኻል፤ ነገሩም ሁሉ ልክ ይሆናል። ሚዛኑ በዚህ ተጽናንቶ እግሩን ከደረጃው መለሰ።

ዐርብ ዕለት ወደ ሥጋ ሻጩ ሄደ። ሥጋ ሻጩ የተቆጣጣሪውን ጥላ ሲያይ እጁን ወደ መመዘኛው ሥር ሰደደ።

«ለሥራ አልመጣሁም» አለ ሚዛኑ። «ለነገ ጠዋት ውሻህን ልትሰጠኝ ትችላለህ?»

ሥጋ ሻጩ እጁን ከመመዘኛው ሥር አወጣ፤ ቢላዋውንም አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሚዛኔን አሸጉ። ዛሬ ውሻዬን። ነገ ሚስቴን እንዳይወስዱብኝ።»

«ለጥቂት ሰዓት ነው። ይጮኻል?»

«ውሻ አይደል? ለምን አይጮኽም?» አለ ሥጋ ሻጩ። ዓይኑ ግን ሣቀ። «ለምን ፈለጉት?»

«ለግል ጉዳይ።»

ሥጋ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ» ሲል ጀመረ፤ ሚዛኑ ግን ገመዱን ይዞ ወጥቶ ነበር።

ውሻው ትልቅ፣ ቡናማ፣ እንደ ትራስ የወፈረ ነበረ። ከቡችላነቱ ጀምሮ አጥንት ተርፎት ስላደገ በዚህ ዓለም ላይ አንዳች ቅሬታ የለውም፤ ቅሬታ የሌለው ውሻ ደግሞ የሚጮኽበት ምክንያት የለውም። ይህን ግን ሥጋ ሻጩ አልተናገረም፤ ሚዛኑም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ጠዋት እኅቱ እናቷን አልብሳ ለማውረድ መጣች። ሚዛኑ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ፣ «እስክትሞቅ ድረስ ከላይ ሆናችሁ ስሙ፤ ስጨርስ እጠራችኋለሁ» አላቸው። ከዚያ የመኪናውን ቤት በር ገርበብ አድርጎ ገባ። ነጎድጓድ ኮፈኑን ይዞ ቆሟል። ውሻው ከጎማው ጥግ ታስሮ ተኝቷል።

ሚዛኑ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ አቃሰተች። ደግሞ አዞረ፤ አስነጠሰች፤ ከጭስ ማውጫዋ ጥይት የመሰለ ድምፅ አወጣች፤ የተረፈውም የአይጥ ጥጥ በኋላዋ ተረጨ። ነጎድጓድ ከኮፈኑ ሥር ሆኖ «አትልቀቃት!» አለ። ሦስተኛ አዞረ። ሞተሩ ሳለ፣ ተንተባተበ፣ ያዘ። ሰማያዊ ጭስ ቤቱን ሞላው። ወንበሩ ከሥሩ ይርገበገብ ጀመር። ይህ የሻከረ፣ የተንኮሻኮሸ፣ ከካሴቱ ጋር የማይመሳሰል፣ ግን ሕያው የሆነ ድምፅ ነበረ። ሚዛኑ ለአፍታ ያህል በራሱ እጅ በሠራው ነገር ተደሰተ፤ ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም። በዚያ ቢያቆም ኖሮ ይህ ታሪክ በሌላ መንገድ ባለቀ ነበር።

ነገር ግን ውሻው አልጮኸም።

ሚዛኑ ወርዶ በእግሩ ነካው። ውሻው አንድ ዓይኑን ከፈተ። እጁን አጨበጨበበት፤ ጥርሱን አሳየው፤ ጅራቱን ሳብ አደረገው። ውሻው እጁን ላሰለትና፣ የግሪሱን ጣዕም ስላልወደደው ዓይኑን መልሶ ከደነ።

«ጩኽ እንጂ!» አለው ሚዛኑ። «ምን ሆነሃል? ጩኽ!»

«አይጮኽም» አለ ነጎድጓድ ከመኪናዋ ማዶ ሆኖ። «እኔ ደግሞ አመሰግነዋለሁ።»

ሚዛኑ ወደ ላይ ተመለከተ። እናቱ አሁን በመስኮት ሆነው እያዳመጡ ይሆናል። ሞተሩን ሰምተው ውሻውን ይጠብቁ ይሆናል። ጊዜው እያለፈ ነበር። የሚዛንና የልኬት ተቆጣጣሪው ዙሪያውን ቃኘ፤ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ በሁለት እጁም መሬት ያዘ። አንገቱን ወደ መስኮቱ አቅጣጫ አቅንቶ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ እንደ ካሴቱ ሥርዓት፣ ሁለት ጊዜ ጨመረ። የሥጋ ሻጩ ውሻ ተነሥቶ በአክብሮት ይመለከተው ጀመር። ሚዛኑ አንድ ዙር ለመድገም አየር ሳበ።

ነጎድጓድ ዓይኑን ወደ በሩ አነሣ። አንዳች ነገር አይቶ እጁን በቀስታ ወደ ቁልፉ ዘረጋና ሞተሩን አጠፋ። በወደቀው ጸጥታ ውስጥ የሚዛኑ ጩኸት ብቻውን ቀረ። ለብቻው ሲሰማ ጥሩ ጩኸት አልነበረም።

«የሞተው ይሻል ነበር» አለ አንድ ድምፅ።

እናቱ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። የእውነተኛውን ሞተር ድምፅ በሰሙ ጊዜ እስኪጠሩ አልጠበቁም ነበር። እኅቱ ፊቷን በእናቷ ነጠላ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ» አለ ሚዛኑ በአራት እግሩ እንዳለ።

«ተነሥ። መሬቱ ይበርድሃል።» ከዚያ ወደ ተኛው ውሻ ተመለከቱ። «ይህ የማን ነው?»

«የሥጋ ሻጩ ነው እናቴ!» አለ ነጎድጓድ በሹክሹክታ። ጎረቤቶች መስኮት ከፈቱ።

«አንተን ዐውቅሃለሁ» አሉት እናቱ። «ሳምንቱን ሙሉ ሹክ ስትለኝ ነው የሰነበትከው። እግዜር ይስጥህ፤ የአይጦቹን ቍጥር እንኳ አላስቀረህብኝም።»

ሚዛኑ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ቅዳሜ። ያን ካሴት ሆስፒታል ተኝቼ ምን ያህል ጊዜ እንደ ሰማሁት ረሳኸው? መኪናዋ የት ላይ እንደምታስል፣ የት ላይ ውሻዬ እንደሚጮኽ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። ኋላ ውሻዬ ሲሞት ደግሞ ድምፁ የቀረው እዚያ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን ለመስማት ስል ዝም አልኩ። ግን ደጃፉን ከፈትኩልህ። ውሻው በልቷል ወይ አልኩህ። የለም፣ ሞቷል ብትለኝ ኖሮ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣ ነበር።»

ሚዛኑ በመዳፉ ያለውን ግሪስ በቱታው ይጠርግ ጀመር።

«መኪና በካሴት ስላስነሣህ አልተቀየምኩህም» አሉ እናቱ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰው ይሰንፋል። አእምሮዋ ደከመ ብለህ ለእኅቴ፣ ለጎረቤቱ መናገርህን ግን በዚሁ መስኮት ሰማሁ። ጆሮዬ ልክ ስለ ሰማ እኔን ዕብድ አደረግኸኝ። የሰረቅኸኝ መኪናውን አይደለም፣ ልጄ። ቀሪውን አንተው ታውቀዋለህ።»

ሚዛኑ ያውቀዋል። በገበያው ሁሉ ሲለው የኖረውን ንግግር፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ ከእናቱ አፍ ሰማው። ከዚያ በኋላ አንገቱ እንደ ቀድሞው ቀጥ አላለም።

«ጋሼ፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች እኅቱ ዓይኗን እየጠረገች። «በልተሃል?»

ነጎድጓድ ሣቀ፤ ሚዛኑ ግን አልሣቀም። እጁን በመኪናዋ መስኮት አስገብቶ ቁልፏን ከመሪው ሥር ነቀለ። ወደ እናቱ ዘረጋው፤ እናቱ ግን አልተቀበሉትም፤ በከዘራቸው ወደ እኅቱ አመለከቱ። ሚዛኑ ቁልፉን በእኅቱ መዳፍ ላይ አኖረ። እኅቱ ቀልዷን አቆመች። ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፤ እንደ ሰው የምታናግራት መስላ ዳሽቦርዷን በእጇ ዳሰሰች፤ ቁልፉንም አንድ ጊዜ ብቻ አዞረች።

እናቱ በፊተኛው ወንበር ተደግፈው ገቡ። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «የግቢው በር ዝግ ነው» አሉ። «ውሻም የለንም።»

ሚዛኑ ሄዶ በሩን ከፈተ። መኪናዋ እያሳለችና እያጨሰች በፊቱ አለፈች፤ ወደ ድሮው ስልክ መሥሪያ ቤት የሚወስደውንም መንገድ ያዘች።

እናቱ የፈረዱበትም ይህ ነው። መኪናዋ የእኅቱ ሆነች። በዚያው ሳምንት ወደ አክስቱና ወደ ጎረቤቶቹ በየቤታቸው ሄዶ፣ «የእናቴ አእምሮ ጤነኛ ነው፤ የዋሸሁ እኔ ነኝ» ብሎ በገዛ አፉ ተናገረ። ሥጋ ሻጩ ዘንድም ውሻውን ሊመልስ ሲሄድ ይህንኑ እንዲናገር ስለ ታዘዘ ተናገረ። ካሴቱ ወደ እናቱ ክፍል ወጣ። ሚዛኑ በየቅዳሜው ጠዋት ወደ እናቱ ግቢ እየመጣ ለመኪናዋ በሩን ይከፍታል፤ እናቱና እኅቱ እስኪመለሱም ሽማግሌው ውሻ ይተኛበት በነበረው ቦታ በበርጩማ ተቀምጦ ግቢውን ይጠብቃል። ሲመለሱ ጎማዎቹን ያጥባል። ወደ መኪናዋ ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደለትም።